ከሳንባ ንቅለ ተከላ በኋላ የሚደረግ የምስል ክትትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳንባ የተተከለለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ጋር ረጅም የቀጠሮ ወረቀትም ይሰጠዋል። ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ የትንፋሽ ልኬት፣ ብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የአየር ቧንቧን ውስጥ ማየት)። አስታማሚውም ታካሚውም «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። የራስዎን ውጤት መተርጎም ግን የሚከታተልዎ ሐኪም ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ትንፋሼን በየቀኑ እለካለሁ፤ ቁጥሩም ጥሩ ነው። ታዲያ ምስሉ ምን ሊጨምር ነው?

ቦታውን ያሳያል። ስፓይሮሜትር የሚሰጥዎ አንድ ድምር ቁጥር ነው። በጥልቀት ስበው ባለ በሌለ ኃይልዎ ሲተነፍሱ በመጀመሪያው 1 ሰከንድ ስንት ሊትር አየር እንደወጣ ይነግርዎታል። ይህ ልኬት ኤፍኢቪ1 ይባላል። በክትትሉ ውስጥ ዋናው ቁጥር እሱ ነው፤ እሱን የሚተካ ምስል የለም።

ግን ድምር ድምር ነው። አንዱ የሳንባ ክፍል ደክሞ ሌላው ሲያካክስለት ቁጥሩ ለጊዜው ላይነቃነቅ ይችላል። ሲወርድም ምክንያቱን አይናገርም። የአየር ቧንቧ ቢጠብ፣ ሳንባውን ዙሪያውን ፈሳሽ ቢቋጥር፣ ኢንፌክሽን ቢገባ፣ ዲያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ቢሰንፍ፣ ቁጥሩ ያው መውረድ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ሳንባው የሚሄዱ ነርቮች በቀዶ ሕክምናው ይቆረጣሉ። ስለዚህ ቧንቧው ከተሰፋበት ቦታ በታች የሳል ስሜት ይደክማል። ሌላው ሰው በሳል የሚነቃበትን ችግር የተተከለ ሳንባ ዝም ሊለው ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ራጅ የሚነሳው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ልዩ ናቸው። ሳንባው ከለጋሹ ወጥቶ፣ በቅዝቃዜ ቆይቶ፣ ድንገት ደም ሲገባበት ሊቆጣ ይችላል። ከደም ሥሮች ፈሳሽ ይሾልክና ሳንባው ይረጥባል። ራጅ ላይ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ እንደ ጉም ነጭ ይላል።

ሐኪሞቹ ይህን ጉም ብቻውን አያነቡትም። ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከሚሰጠው ኦክስጅን ጋር ይመዛዘናል። ጉሙ የተተከለው ሳንባ ላይ ኖሮ ምጥጥኑ ከ200 በታች ከወረደ፣ ከ0 እስከ 3 ባለው መለኪያ ከባዱ ደረጃ 3 ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ምጥጥኑ የቱንም ያህል ቢሆን ራጁ ንጹሕ ከሆነ ደረጃው 0 ነው። እዚህ ላይ የምስሉ ሚና ቀላል አይደለም።

ከዚያ ውጪ የራጁ ሥራ ተራ ነገር ነው። ቱቦዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው? አየር ወደ ደረት ክፍተት ሾልኳል? ፈሳሽ ተጠራቅሟል? ማሽኑ አልጋው ድረስ መጥቶ ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል።

«ራጁ ንጹሕ ነው» ተባልኩ። ተረፍኩ ማለት ነው?

ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ዋስትና አይደለም። ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት አጣዳፊ ሪጀክሽን እያለ ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሲቲ ስካን የተሻለ ያያል። ስስ ጉም የመሰለ ጥላ፣ በሳንባው ክፍልፋዮች መሃል ያሉ ግድግዳዎች መወፈር፣ ትንሽ ፈሳሽ ሊያሳይ ይችላል። ጣጣው ግን ኢንፌክሽንም የሚያሳየው ተመሳሳይ ነገር መሆኑ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። ሐኪሙ ከሲቲው በኋላ «ብሮንኮስኮፒ እናድርግ፣ ናሙና እንውሰድ» ቢልዎ፣ «ምስሉ እያለ ለምን?» ብለው አይበሳጩ። ሪጀክሽን ከሆነ የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ይጨመራል። ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ያንኑ መድኃኒት መጨመር አደጋ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ቁርጡን ማወቅ ግድ ነው። ቁርጡ ያለው ናሙናው ላይ ነው። የሲቲው ውለታ ናሙናው ከየት ይወሰድ የሚለውን መጠቆም ነው።

ሲቲ ስካን ላይ አንዴ «ይሳቡና ይያዙ»፣ አንዴ ደግሞ «ሁሉንም ያስወጡና ይያዙ» ይሉኛል። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን እወደዋለሁ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዙር እንደ ተጨማሪ ልፋት ያየዋል። ለተተከለ ሳንባ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁለቱ የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲቲ ላይ አየር ጥቁር ነው፣ ሥጋና ፈሳሽ ነጣ ይላሉ። ጤናማ ሳንባ አየሩን ሲያስወጣ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ እየሆነ ይሄዳል። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ እየተዘጉ ከሆነ ግን አየሩ መውጫ ያጣል። ያ ክፍል ትንፋሽ ከወጣም በኋላ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ግራጫው መሃል ጥቁር፣ ጥቁሩ ጎን ግራጫ፣ ልክ እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ ይዥጎረጎራል።

እነዚህ ቧንቧዎች በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ ራሳቸው ሲቲ ላይ አይታዩም። የሚታየው እነሱ ያገቱት አየር ነው። ተስቦ በተያዘው ምስል ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በአየር ተሞልቶ ጥቁር ስለሆነ ልዩነቱ ይደበቃል። ማስወጣቱ ነው የሚያጋልጠው።

ለዚህም ነው ባለሙያዋ «ገና ነው፣ ገና ነው፣ ጨርሰው ያስወጡ» እያለች የምትጨቀጭቅዎ። ግማሽ ትንፋሽ ካስወጡ ምስሉ ለንባብ አይመችም። ራዲዮሎጂስቱ በትክክል ማስወጣትዎን የሚያውቅበት ዘዴም አለው። የዋናውን የአየር ቧንቧ የኋላ ግድግዳ ያያል። በደንብ ካስወጡ ግድግዳው ጠፍጣፋ ይሆናል ወይም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ወደ ውጭ ተለጥጦ ከቀረ አላስወጡም ማለት ነው።

ከምርመራው በፊት አንድ ሁለቴ ይለማመዱት። ማሽኑ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ባለሙያዋን «አንዴ አብረን እንሞክረው» ቢሏት ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

በነገራችን ላይ ትንሽ የታገተ አየር ጤናማ ሰው ላይም ይታያል። አሳሳቢ የሚሆነው ሲሰፋና ካለፈው ምስል ጋር ሲተያይ እየጨመረ ሲሄድ ነው።

ሥር የሰደደ ሪጀክሽን የሚባለውን ምስል ይለየዋል?

ዓይነቱን ለመለየት ትልቅ እገዛ ያደርጋል። አሁን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሰፊ ስም ክላድ ነው፤ ሥር የሰደደ የተተከለ ሳንባ መድከም ማለት ነው። ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ያጋጥማቸዋል። ለረጅም ጊዜ መቆየትን የሚፈታተነው ዋናው ችግርም ይኸው ነው።

መነሻው ቁጥር ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ቢያንስ በ3 ሳምንት ልዩነት የተመዘገቡ ሁለት ከፍተኛ የኤፍኢቪ1 ልኬቶች አማካይ የእርስዎ መነሻ ይሆናል። ከዚያ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ወርዶ ካልተመለሰ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ ክላድ ይጠረጠራል። 3 ወር ከዘለቀ ተረጋገጠ ይባላል።

ከዚያ ምስሉ ይገባል። ብዙ ሰው የሚይዘው ቦስ (በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል BOS) የሚባለው ዓይነት ነው። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ይዘጋሉ፤ ሳንባው ራሱ ግን ብዙም ጥላ አይታይበትም። ሲቲው ላይ ቅድም ያወራነው የታገተ አየር፣ ቆየት ሲል ደግሞ የሰፉ ቧንቧዎች ይታያሉ። ሁለተኛው ራስ (በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል RAS) የሚባለው ነው። እዚህ ሳንባው ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ የሚይዘው ጠቅላላ አየር ይቀንሳል። ሲቲው ላይ የማይጠፉ ጥላዎችና ጠባሳ ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜ የላይኛው የሳንባ ክፍልና ሽፋኑ ይጎዳሉ። ራስ ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኖ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ2011 ነው።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? ራስ ከቦስ በፍጥነት ይባባሳል። ስለቀጣዩ እርምጃ፣ ዳግም ንቅለ ተከላን ጨምሮ፣ ውይይቱ ቶሎ መጀመር አለበት። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ፣ አንዱም ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ቦስ ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም።

የተተከለልኝ አንድ ሳንባ ብቻ ነው። የእኔ ክትትል ይለያል?

ይለያል፣ ትንሽም ይወሳሰባል። ስፓይሮሜትሩ የሚለካው የሁለቱን ድምር ነው። ቁጥሩ ቢወርድ አዲሱ ሳንባ ደክሞ ነው ወይስ አሮጌው በሽታው ብሶበት? ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። አሮጌው ሳንባ ኤምፊዚማ (የአየር ከረጢቶቹ የሚፈርሱበት በሽታ) ካለበት ከመጠን በላይ ተነፍቶ አዲሱን ሊጫነው ይችላል። በአሮጌው ሳንባ ላይ ካንሰርም ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ ከዚያ በፊት ሲጋራ ባጨሰ ሰው።

እዚህ ጋ የኑክሌር ምርመራው ይጠቅማል። በአንድ በኩል ጥቂት ጨረር ያለው ነገር በትንፋሽ ይሳባል፤ አየሩ የት እንደደረሰ ይታያል። በሌላ በኩል ጨረር ያለው ቴክኒሺየም 99 ኤም የተያያዘባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ደሙ የት እንደሄደ ይታያል። ከዚያ ሥራው በመቶኛ ይከፋፈላል፦ ይህን ያህሉ የቀኝ፣ ይህን ያህሉ የግራ። ብዙ ጊዜ አብዛኛው ደም ወደ አዲሱ ሳንባ ይሄዳል። ድርሻው ከጊዜ ወደ ጊዜ ከቀነሰ መልእክት አለው። ቴክኒሺየሙ በየ6 ሰዓቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውነት ውስጥ አይሰነብትም።

ቧንቧው የተሰፋበት ቦታስ?

ይህ ቦታ የንቅለ ተከላውን ታሪክ ሲያስቸግር የኖረ ነው። በሰው ላይ የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገው በ1963 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ነው፤ ታካሚው 18 ቀን ኖረ። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል ከተሞከሩት ብዙዎቹ የተሰናከሉት የተሰፋው ቧንቧ አልድን እያለ ነው። በ1983 ቶሮንቶ ላይ ነው ለዓመታት የዘለቀ ውጤት የታየው።

ምክንያቱ የደም እጥረት ነው። የቧንቧውን ግድግዳ የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ መልሰው አይቀጠሉም። ስለዚህ ስፌቱ ሊላላ፣ ወይም ቆይቶ በጠባሳ ሊጠብ ይችላል። ሲቲ ስካን ቧንቧውን በሦስት አቅጣጫ አውጥቶ የጠበበውን ቦታና ርዝመቱን ያሳያል። ብሮንኮስኮፒ ደግሞ ውስጡን በዓይን ያያል፤ ካስፈለገም የጠበበው ቦታ እዚያው ይለጠጣል ወይም ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ይገባል።

አልትራሳውንድ ለሳንባ ይሠራል እንዴ?

በአየር የተሞላ ሳንባን ሰንጥቆ ማየት አይችልም። ግን ሳንባው ዙሪያ የተቋጠረ ፈሳሽን አጥርቶ ያሳያል፣ ፈሳሹ በመርፌ ሲቀዳም ይመራል። ዲያፍራሙ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ማየትም ይቻላል። ወደ ዲያፍራም የሚሄደው ነርቭ በቀዶ ሕክምና ሊጎዳ ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨረር የለውም።

ይህ ሁሉ ጨረር አይጎዳኝም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ መድኃኒቶቹ ራሳቸው የካንሰር ስጋትን ከፍ ስለሚያደርጉ። መጠኑን ግን ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል ነው። መደበኛ የደረት ሲቲ ስካን 7 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ ዝቅተኛ ጨረር የሚጠቀመው ደግሞ 1.5 ገደማ ነው። ማንም ሰው ምንም ሳይነሳ ከአካባቢው በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል።

ስለዚህ የራጁ ብዛት ብዙም አያስጨንቅ። ሲቲው ሲደጋገም ግን መጠየቅ መብትዎ ነው፦ «በዝቅተኛ ጨረር መሥራት ይቻላል?» ትንፋሽ አስወጥቶ የሚነሳው ዙር ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ጨረር ይበቃዋል። ወጣት ታካሚዎችና ሕፃናት ላይ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። በጨረር ፍርሃት ሐኪም ያዘዘውን ሲቲ መተው ግን አያዋጣም።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። ለምን እሱ ብቻ አይደረግም?

ኤምአርአይ ምልክቱን የሚያገኘው በዋናነት ከውኃ ነው። ሳንባ ደግሞ አብዛኛው አየር ነው፣ በዚያ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ኤምአርአይ ሳንባን ከሚያሳየው የሚሸሽገው ይበልጥ ነበር። አሁን ሁለት መንገዶች ተከፍተዋል።

አንደኛው ዜኖን 129 የሚባል ጋዝ ነው። ጋዙ በሌዘር ከተዘጋጀ በኋላ በከረጢት ይሰጥዎታል፤ ይስቡታል፣ 10 ሰከንድ ገደማ ይይዙታል። ጋዙ የደረሰበት ቦታ ይበራል፣ ያልደረሰበት ይጨልማል። ከዚህም አልፎ ዜኖን ከአየር ከረጢቱ ወደ ስሱ ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ቀይ የደም ሴል ሲሻገር የሚሰጠው ምልክት ይለያያል። ስለዚህ አየሩ ገባ ወይ ብቻ ሳይሆን ወደ ደም ተሻገረ ወይ የሚለውንም ማየት ይቻላል። ለአጭር ጊዜ ራስን ቀለል ሊያደርግ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአየር ስርጭት ምርመራ የፈቀደው በታኅሣሥ 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ልዩ መሣሪያ ስለሚፈልግ ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጋዝም አይፈልግም። ታካሚው ዝም ብሎ እየተነፈሰ ምስሉ በተከታታይ ይነሳል። ምልክቱ ከትንፋሽ ጋር የሚለዋወጠውን ለአየር፣ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ለደም ፍሰት አድርጎ ኮምፒውተር ይለየዋል። ፕሪፉል ይባላል፤ በጀርመን ሃኖቨር የዳበረ ዘዴ ነው። ትንፋሽ መያዝ ለሚያቅተው ሰው፣ ለሕፃናትም፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለጊዜው ግን ሁለቱም ሲቲን አልተኩትም።

ሲቲውን ኮምፒውተር ያነበዋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

በከፊል። ተስቦና ወጥቶ የተነሱትን ሁለት ምስሎች ነጥብ በነጥብ የሚያገጣጥም ስሌት አለ። ሲቲ ላይ የጥቁረትና የንጣት መለኪያው ሃውንስፊልድ ይባላል፤ አየር −1000፣ ውኃ 0 ነው። አየር ሲሳብ ከ−950 በላይ ሆኖ ጤናማ የመሰለ ነጥብ፣ ትንፋሽ ወጥቶም ከ−856 በታች ከቀረ፣ አየሩ እዚያ ታግቷል ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ከሳንባው ስንት በመቶው እንደዚህ እንደሆነ ይሰላል። «ትንሽ ይመስላል» ከሚለው ንባብ ቁጥር ይሻላል። ትንፋሽዎን በደንብ ካላስወጡ ግን ስሌቱም አብሮ ይሳሳታል።

የንፅፅር መድኃኒት (ደም ሥሮችን ምስሉ ላይ የሚያጎላ) በደም ሥር ሊሰጡኝ ነው። ኩላሊቴስ?

በደንብ ይጠይቁ። ሪጀክሽንን የሚከላከሉት ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን በጊዜ ብዛት ኩላሊትን ያደክማሉ። ለተለመደው የሳንባ ሲቲ ንፅፅር መድኃኒት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለምሳሌ በሳንባ ደም ሥር የደም መርጋት ሲጠረጠር ነው፤ ያኔ ጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። የቅርብ ጊዜ የክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤትዎን ይዘው ይቅረቡ። የስኳር በሽታ ካለብዎ፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱ ወይም ቀድሞ አለርጂ አጋጥሞዎት ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

በስንት ጊዜ አንዴ ነው መነሳት ያለብኝ?

ለሁሉም የሚሆን አንድ መርሐ ግብር የለም። ማዕከሎች ይለያያሉ። በጥቅሉ የመጀመሪያው ዓመት ጠበቅ ይላል፣ ከዚያ ይሳሳል። ምልክት ሲኖር ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። የቤት ልኬትዎ ከመነሻው 10 በመቶ ወርዶ ከቀጠለ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰዎት፣ ደረጃ ሲወጡ ያልነበረ ድካም ከመጣ፣ ያን ዕለት ይደውሉ።

ሌላ ከተማ ሄጄ ብነሳ ችግር አለው?

መነሳቱ ችግር የለውም፤ ችግሩ የድሮው ምስል አለመኖሩ ነው። አንዲት ትንሽ እብጠት ሲታይ የራዲዮሎጂስቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ባለፈው ነበረች?» የሚል ነው። ለዓመታት ያልተለወጠች ከሆነች ብዙም አታሳስብም። በሳምንታት የመጣች ከሆነች ፈንገስ ወይም ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያዝ የሊምፍ ዕጢ በሽታ ሊጠረጠር ይችላል፤ ፔት ስካንና ናሙና ሊከተል ነው። የቀድሞው ምስል ከሌለ ይህን መለየት ይከብዳል።

የወረቀት ሪፖርት ብቻ አይበቃም። ምስሎቹን ራሳቸውን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ፤ በስልክ ፎቶ የተነሳ ፊልም አይነበብም። አብሮ የሚያዝ አንድ ወረቀትም ይኑርዎ፦ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የተተካው የትኛው ጎን እንደሆነ፣ የኤፍኢቪ1 መነሻዎ፣ የመጨረሻው ክሪያቲኒን፣ ስቴንት ካለዎት የት እንዳለ። ማዘዣው ላይ «ተስቦና ወጥቶ» የሚል ከሌለ ደግሞ ማሽኑ ላይ ከመተኛትዎ በፊት ይጠይቁ። ሳንባ እንደተተከለልዎ ካልተነገራቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱዎት ተስቦ የሚያዘውን ብቻ ነው።